ዘጠነኛው ጥያቄ

ብራንደን፣ ማኒቶባ። ግንቦት ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤
የስንዴ ባቡር ያልፋል፣ ፉርጎው ከፉርጎ ኋላ፤
ማቋረጫው ላይ ቆሜ መቶ አሥራ ሁለት ቆጠርሁ፣
ጭራውን ሳላይ ከቀጠሮዬ ዘገየሁ።
በጉያዬ ታብሌት፣ ባንገቴ ላይ ባጅ፤
የመንግሥት ጠያቂ ነኝ፤ የረሃብ ጸሐፊ፣
ባዶ እጁን የሚመጣ ወዳጅ።

ግሌንዳ ስታሠለጥነን እንዲህ ብላ ነበር፦
«የሰማችሁትን ጻፉ፣ ያያችሁት ይቅር።
ፊት አይነበብም፤ ፍሪጅ አይከፈትም፤
የጥያቄው ቃል አይጨመርም፣ አይቀነስም።
ካለቀሱ ሶፍት ስጡ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው።
አገር ባንድ ልክ የሚለካው
ሁሉም ሰው ባንድ ቃል ሲጠየቅ ነው።»
እውነቷን ነው።
ሚዛን ላይ ያረፈ ጣት፣ የደግ ጣት ቢሆንም፣
ያው ጣቱን ነው እንጂ እህሉን አይመዝንም።

ከሥጋ ፋብሪካው ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የበሩ ቁጥር…
አልናገርም፤ ምያለሁ። ስሟም ከእኔ ጋር ይቀበር።
«አበሻ ነሽ እንዴ!» አለች፤
ታብሌቱን ስታይ ግን ደስታዋን እንደ አንሶላ አጠፈች።
ለባዳ የሚነገር ላገር ልጅ አይነገርም፤
ያገር ልጅ ይሰማል፤ ከሰማም አይረሳም።

«ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት
ምግብ ሳይደርስልን ያልቅ ይሆን ብለው ሰግተው ያውቃሉ?
ብዙ ጊዜ፣ አንዳንዴ፣ ወይስ ፈጽሞ?»
«ስጋትማ ማን የለውም? አንዳንዴ በይው።»
አንቱ እላታለሁ፣ አንቺ ትለኛለች፤ ቅጹ አንቺን አያውቅም።
«የገዙት አልቆ መግዣ ያጡበት ጊዜስ?»
«ፈጽሞ።»
«ልጆቹ የተመጣጠነ…»
«ፈጽሞ አልኩሽ።»

ትንሿ፣ አሜን፣ ፍሪጁን ከፈተች። (እኔ አልከፈትኩም።)
አራት ሊትር ወተት፤ በጎኑ፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣
መስመር፤ ከየመስመሩ አጠገብ ፊደል፦
ሰ፣ ማ፣ ረ፣ ሐ፣ ዓ።
ልጅቱ ጎንበስ ብላ ቀዳች፤
ወተቱ «ረ»ን ሲነካ አቆመች፤
ለወንድሟም ከዚያው ከብርጭቆዋ አካፈለች።
እንዲህ ያለ መለኪያ ቢሯችን የለውም።
ለእናትየው የተሰመረ መስመር አልነበረም።

ዘጠነኛው።
«በገንዘብ እጦት ምክንያት
ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ የዋሉበት ዕለት?»
ዝም አለች። ፍሪጁ ተንቀጠቀጠ፣ እሱም ዝም አለ።
«ጦሜን የዋልኩበትማ አለ። ሰኞ። ትናንትም።
ግን ጾም ነው፤ ለነፍሴ። እጦት ብለሽ እንዳትጽፊው።»

ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንቱ ነው።
በሃምሳው ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ነው።
እሷ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።
ማወቄን ታውቃለች፤ ዐይኗ «ተይ» ይላል።
አንድ ቃል ናቸው፣ ጾምና ጦም፤ ባንድ ጣራ የሚያድሩ፤
ካፏ ሲወጣ ጸጋ፣
ጆሮዬ ሲደርስ ጠኔ።
የሰማችሁትን ጻፉ፣ ያያችሁት ይቅር።
«አይ» የሚለውን ነካሁ። አረንጓዴ በራ፤ «ቀጣይ» አለኝ።

ቁጥሩ በመጪው ዓመት ይወጣል፣ ከነነጥቡ፤
ባለሥልጣን ያነበዋል፣ ጋዜጣ ይጮኽበታል።
ይጩኽ። ያለ እሱማ ማን ይሰማል?
ከነጥቡ ወዲያ ካለችው ትንሽ አሃዝ ግን
አንዲት ሴት ትጎድላለች፣
በራሷ ቃል፣ በእኔ ጣት።

ልነሳ ስል ቀድማኝ ተነሳች።
ከላስቲክ ውስጥ ሁለት ቁራሽ ዳቦ አውጥታ
በሳህን አቀረበች። ላስቲኩ ውስጥ የቀረውን
አየሁ፤ ያየሁትን አልጽፍም።
«ያገር ሰው ቤቴ ገብቶ ባፉ ሳያደርግ አይወጣም።»
«ይቅርታ» አልኳት፣ «ጾመኛ ነኝ።»
ቆማ አየችኝ። አሜን እንኳ ብርጭቆዋን አወረደች።
«በሃምሳው?»
«በሃምሳው።»
ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።
ከዚያ ዳቦውን ወደ ላስቲኩ መለሰች፣
ሁለቴ ቋጠረችው።